ከፋይናሉ ስንት ያስፈልገኛል?

በሬጅስትራር መስኮት ጀርባ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ጆሮው ላይ አንድ ጥያቄ ይቀራል። «እትዬ፣ ከፋይናሉ ስንት ባመጣ ነው ሲ የማገኘው?» በደንቡ ይህን መመለስ ያለበት መምህሩ ነው። ተማሪ ግን መምህሩን ይፈራል፤ ቢሮው ድረስ ሄዶ «ለማለፍ ስንት ይጎድለኛል» ማለት ስንፍናውን በገዛ አፉ መመስከር ይመስለዋል። ስለዚህ መዝገብ የምትይዘውን ሴትዮ ይጠይቃል። እኔ ያቺ ሴትዮ ነበርኩ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ ጡረታ እስክወጣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የውጤት መዝገብ ስይዝ፣ የስንቱን ልጅ ሒሳብ በተበላሸ ፎርም ጀርባ እንደሠራሁለት ቤት ይቁጠረው።

ሰው ሁሉ ይህ ጥያቄ ከትምህርት ጋር አብሮ የተወለደ ይመስለዋል። አይደለም። በአገራችን ከአንድ አዛውንት ዕድሜ ብዙም አይበልጥም። ጥያቄው እንዲጠየቅ መጀመሪያ ዕውቀት በቁጥር መለካት አለበት፤ ቀጥሎም ቁጥሩ ባንዴ ሳይሆን ተከፋፍሎ፣ ትንሽ አሁን ትንሽ ኋላ እየተባለ መሰጠት አለበት፤ ከዚያም የማለፊያው ልክ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። እነዚህ እኛ ዘንድ አብረው አልመጡም። የመጨረሻው በጣም ዘግይቶ ነው የደረሰው፤ የኔም ነገር እዚያ ላይ ነው።

አባቴ የቄስ ተማሪ ቤት ልጅ ነበሩ። ፊደል ቆጥረው፣ ንባብ ወጥተው፣ ዳዊት ደግመዋል። እዚያ ቤት 50 በመቶ የሚባል ነገር አይታወቅም። ልጁ ዳዊቱን ሳይደነቃቀፍ እስኪወጣው ያነባል፤ ሲወጣው ቤተሰቡ ጠላ ጠምቆ፣ ዘመድ ጠርቶ ይደግስለታል። ካልወጣው ይከርማል። ቅኔ ቤት ቢገባም ያው ነው፤ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እስከ መወድስና ከዚያም በላይ ይወጣል፣ መምህሩም የተቀኘውን ሰምተው ወይ ያሳልፉታል ወይ ያርሙታል። ድጓ ማስመስከር የፈለገ ጋይንት፣ ቤተልሔም ድረስ ይሄዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ዙር አምባ ይወጣል። ቀድሞ የጨረሰውም ዘግይቶ የጨረሰውም አንዴ ካስመሰከረ በኋላ እኩል መምህር ነው። «ግማሹን ባውቅስ?» የሚል ተማሪ ቢኖር የኔታ የሚስቁበት ይመስለኛል። አባቴ የኔን ካርድ ሲያዩም የሚገርማቸው ይኸው ነበር። «እና ግማሹን ሳታውቂው ነው ያለፍሽው?» ይሉኝ ነበር። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ቁጥሩን ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ በ1925 ደግሞ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ ሲከፈቱ የውጭ አገር መምህራን የየአገራቸውን ፈተና፣ ነጥብና ደረጃ አብረው አስገቡ። ከጣልያን ወረራ በኋላ ትምህርት ቤት በየክፍለ ሀገሩ ሲስፋፋ፣ የትምህርት ሚኒስቴር ፈተና የሚባለው ተጀመረ፤ ያዘጋጀውን መሥሪያ ቤት ስም ወርሶ ዛሬም ድረስ «ሚኒስትሪ» ነው የሚባለው። ሚኒስትሪ ግን ለስሌት አይመችም ነበር፤ አንድ ጊዜ ነው የሚፈተኑት፣ ወይ ያልፋሉ ወይ ይወድቃሉ። የስሌቱ አባት ካርድ ነው።

ካርዱን ያላየ የለም። ጠንከር ያለ የታጠፈ ወረቀት፤ በግራ በኩል የትምህርቶቹ ስም፣ በቀኝ የ1ኛ መንፈቅ፣ የ2ኛ መንፈቅና የዓመቱ አማካኝ፤ ከታች ድምር፣ ደረጃ፣ ጠባይ፤ በጀርባው የወላጅ ፊርማ። ከ50 በታች የሆነው በቀይ ይጻፋል። ደሴ፣ ወይዘሮ ስሂን ስማር፣ የካቲት ላይ ካርዱ ሲታደል በቀዩ ዙሪያ የሚሠራው ሒሳብ ከሒሳብ ክፍለ ጊዜው የበለጠ ትጋት ነበረበት። የመጀመሪያው መንፈቅ 43 ከሆነ ዓመቱ 50 እንዲሆን ሁለተኛው 57 መሆን አለበት። 38 ከሆነ 62። የማባዣ ሠንጠረዥ የሚጠፋው ልጅ ይህቺን አይስታትም፤ 50 ለመሆን ያነሰውን ያህል ከ50 በላይ መውጣት ነው፣ አለቀ። አማርኛ የከበዳቸው ልጆች በሒሳብ ይክሱታል፣ ሒሳብ የከበደን እኛ ደግሞ በታሪክና በጂኦግራፊ። አማካይ ሁሉን አቻችሎ ያኖራል።

ከዚያ ማትሪክ መጣ፤ ከቁጥርም ወደ ፊደል ተሻገርን።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ከሁለተኛ ደረጃ የሚወጡት ጥቂት ልጆች ይፈተኑ የነበረው የለንደን ዩኒቨርሲቲን የመግቢያ ፈተና ነው። ወረቀቱ ከለንደን ይመጣል፣ መልሱ ወደ ለንደን ይሄዳል። በኋላ ኢትዮጵያ የራሷን የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና አቋቋመች፤ ስሙ ግን እስከ መጨረሻው ማትሪክ እንደተባለ ቀረ። በኔ ጊዜ ማትሪክ ማለት እንግሊዝኛና ሒሳብ የማይቀሩበት፣ የ5 ትምህርቶች ውጤት ነበር። ኤ 4 ነጥብ፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1፣ ኤፍ ባዶ። አምስቱ ተደምረው ለ5 ይካፈላሉ። ሞልቶ ሲፈስ 20 ነጥብ፣ ማለትም 4.0።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የሚካፈለው ለ5 ስለሆነ እያንዳንዷ ነጥብ የምትመዝነው 0.2 ነው። የዚያ ዘመን ሰው የማትሪክ ውጤቱን ሲነግራችሁ 2.4፣ 2.6፣ 2.8፣ 3.2 የሚላችሁ ለዚህ ነው፤ 2.7 ያመጣ የለም፣ ሊኖርም አይችልም። 3.0 የፈለገ 15 ነጥብ መሰብሰብ አለበት፦ ሁለት ኤ፣ አንድ ቢ፣ ሁለት ሲ። ወይም አምስት ቢ። ወይም ሦስት ኤ፣ አንድ ሲ፣ አንድ ዲ፤ ዲው እንግሊዝኛ ላይ ካልሆነ ደግሞ ነገሩ ያማረ ነው። ፈተናው ሳይደርስ ጀምሮ ተሰብስበን እንዲህ ስንደምር፣ ስናካፍል እናመሽ ነበር። «ኬሚስትሪን ቢ፣ ባዮሎጂን ኤ፣ ሒሳብን እግዜር ያውቃል።»

ጨዋታው ግን ግማሽ ጎን ነበር። ፊደሎቹን ማካፈል እንችላለን፤ ኤ ለማግኘት ከመቶ ስንት መመለስ እንዳለብን ግን አናውቅም። ፊደሉ የሚቆረጠው ፈተናው ከታረመ በኋላ፣ ከኛ ርቆ ነው። ስለዚህ የምናሰላው ምኞታችንን ነበር ማለት ይቻላል። ውጤቱ ሲወጣ ምኞቱና ወረቀቱ የተገናኘለት ጥቂት ነው።

ፊደሎቹ ራሳቸው ከየት መጡ? አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ማውንት ሆልዮክ የሚባል የሴቶች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1897 ውጤትን በፊደል መስጠት ጀመረ። ኤ ከ95 እስከ 100፣ ቢ ከ85 እስከ 94፣ ሲ ከ76 እስከ 84፣ ዲ 75 ብቻ፣ ከዚያ በታች ኢ፤ ኢ ማለት ወድቋል ነው። በማግሥቱ ዓመት ሚዛኑን አሻሽለው ኢን ማለፊያ አደረጉትና መውደቂያው ወደ ኤፍ ወረደ። እነዚያ ሴቶች ዛሬ ቢመጡና የኛ ልጅ በ50 ሲ ማግኘቱን ቢያዩ ምን እንደሚሉ እንጃ፤ በነሱ ቤት 74 ያመጣች ወድቃለች። እነዚህ ፊደሎች አሜሪካን አዳርሰው እኛ ጋ በደንብ የጸኑት ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት የሚመሩት ሉሲየን ማት የተባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. ንጉሡ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ሰጥተው፣ ኮሌጆቹ ተጠቃለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም ግን ጥናቱን ያጠናው የዩታ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው፤ በጅምሩ ላይ የመሩትም ከዚያው ከዩታ የመጡ ሃሮልድ ቤንትሊ ናቸው። ክሬዲት ሀወሩ፣ ሴሚስተሩ፣ ጂፒኤው፣ 4.0ው፣ ሁሉም የአሜሪካ ቤት ዕቃ ነው። 6 ኪሎ ጸንቶ ከዚያ በየኮሌጁ ተዳረሰ፤ እኔ ሥራ ስጀምርም መዝገቡ በዚያው ሥርዓት ተሰምሮ ነው የጠበቀኝ።

ሥራውን ያስተማሩኝ የክፍሉ ኃላፊ የነበሩ ጋሼ ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ የተማሪውን ቁጥር ሳያዩ የሚያስታውሱ ሰው። ተማሪ እያለቀሰ ሲመጣባቸው «ቁጭ በል» ይላሉ። ከዚያ ወረቀት ያወጣሉ። «ልጄ፣ የምትፈልገው ውጤት ዕዳህ ነው። እስካሁን ያገኘኸው የከፈልከው ነው። የቀረውን ዕዳ ለቀረህ ጊዜ እናካፍለው።» በቃ፣ ጥበቡ ይኸው ነው። ከዚህ የተለየ ቀመር እስካሁን አላየሁም፤ ስልኩም የሚሠራው ይህንኑ ነው።

አንዱን ልጅ ላሳያችሁ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር 17 ክሬዲት ወስዶ 29 ነጥብ ሰብስቧል፤ 1.71 ገደማ። ለመመረቅ 2.00 ያስፈልጋል፤ ከዚያ በታች የሆነ መጀመሪያ ዋርኒንግ፣ ከዚያ ፕሮቤሽን፣ ከዚያ ተማሪዎቹ ኤዲ የሚሉት መባረር ይጠብቀዋል። በሁለተኛው ሴሚስተር 18 ክሬዲት ተመዝግቧል፦ ሦስት ባለ 4፣ ሁለት ባለ 3። ጋሼ ጻፉ። 17 እና 18፣ 35። 35 ለ2 ሲባዛ 70፤ ዕዳው ይኸ ነው። 29 ተከፍሏል። 41 ይቀራል። ሁሉንም ሲ ቢያገኝ 36 ነው፣ 5 ይጎድለዋል። ልጁ ፊቱ ፈካ፤ «አንዱን ባለ 4 ቢ ባገኝስ?» አለ። 40። በአንዲት ነጥብ ይወድቃል። ደነገጠ። ጋሼ እርሳሱን ወደ ባለ 3ቱ አዞሩት። «ከነዚህ አንዱን ኤ አምጣ፣ ሌላውን ሁሉ ሲ። 42 ይሆናል፣ አንድ ትተርፍሃለች። ወይም አንድ ባለ 4 ቢ፣ አንድ ባለ 3 ቢ፣ 43። ግን ዲ አትንካ። አንድ ዲ ባለ 4 ላይ ከመጣ 4 ነጥብ ነው የሚነጥቅህ፤ ያኔ ኤውም አያድንህም።» ልጁ ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

ይህን የመሰለ ምክር ከማንም አያገኝም ነበር። ሁሉን እኩል ሊያጠና የነበረ ልጅ አሁን የት እንደሚተጋ፣ የት ብቻ መጠንቀቅ እንዳለበት አወቀ። አንዳንድ መምህራን ይህን ይጠሉታል። «ለነጥብ ነው የሚማሩት፣ ለዕውቀት አይደለም» ይላሉ። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ነጥቡን የሠራው ተማሪው አይደለም። በነጥብ የሚያባርር ሥርዓት ዘርግቶ ተማሪው ነጥብ ቆጠረ ብሎ መናደድ ምን የሚሉት ነው?

ጋሼ ግን አንድ ጥያቄ ሲመጣባቸው እርሳሱን ያስቀምጡት ነበር። «ከፋይናሉ ስንት ባመጣ ነው ቢ የማገኘው?» ሲባሉ «እሱን ስኬሉ ያውቃል» ይላሉ።

ስኬል! ያልደረሰበት ትውልድ ዕድለኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ማክስ ሜየር የሚባል ሰው ሳይንስ መጽሔት ላይ ስለ ተማሪ አመዳደብ ጽፎ ነበር። የሱ ሐሳብ ውጤት እንደ ሰው ቁመት መሀል ላይ ይበዛል፣ ጫፍና ጫፍ ላይ ይሳሳል የሚል ነው፤ ስለዚህ ከመቶ ተማሪ 3ቱ እጅግ በጣም ጥሩ፣ 22ቱ በጣም ጥሩ፣ 50ው መካከለኛ፣ 22ቱ ደካማ፣ 3ቱ ወዳቂ ይሁኑ አለ። የታሰበው ለፍትሕ ነበር፤ አንዱ መምህር ሁሉን ሲያሳልፍ ሌላው ሁሉን እንዳይጥል። ከአገር አገር ዞሮ እኛ ጋ ሲደርስ ግን በየመምህሩ እጅ የየራሱን መልክ ያዘ። መምህሩ ወረቀቱን ያርማል፣ ውጤቱን ከላይ እስከ ታች ይደረድራል፣ ክፍተት ያለበትን ቦታ አይቶ ይቆርጣል። ከዚህ በላይ ኤ፣ ከዚህ እስከዚህ ቢ።

ውጤቱ የሚለጠፈው በስም ሳይሆን በመታወቂያ ቁጥር ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ያለውን ግፊያ፣ ጣታቸውን በቁጥሩ ላይ እያሳለፉ የሚፈልጉትን፣ አግኝተውም እንደገና ከመጀመሪያው የሚያዩትን አሁንም አያቸዋለሁ። አንዱ ክፍል ውስጥ ከመቶ 38 ያመጣ ቢ ያገኛል፤ ፈተናው ከብዶ ሁሉም ወድቋላ። ሌላው ክፍል ውስጥ 61 ያመጣ ዲ ይዞ ይወጣል፤ ፈተናው ቀሎ ሁሉም ሰቅሏላ። ስለዚህ ተማሪው የሚጠይቀው ጥያቄ ተለወጠ። «ስንት ያስፈልገኛል?» ማለቱን ትቶ «ሰቃዮቹ ስንት አመጡ?» ማለት ጀመረ። ዓይኑ ከራሱ ደብተር ተነሥቶ ጎረቤቱ ላይ አረፈ። አንድ ቀለሜ ከሁሉ በላይ ተራምዶ 96 ሲያመጣ «ስኬሉን ገደለው» ይባላል፤ ጓደኞቹ እንኳን ደስ አለህ በማለት ፈንታ ያኮርፉታል። ደብተር መዋዋስ የቀረበት፣ የቆየ የፈተና ወረቀት የተደበቀበት ጊዜ ነው። ይህን ያመጣው የልጆቹ ክፋት አይደለም። የጓደኛህ ነጥብ ያንተን የሚቀንስበት ቤት ውስጥ ደግነት ዋጋ ያስከፍላል።

በእኔ ግምት የስኬል ትልቁ ጉዳት ያ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ይቅር ልለው እችላለሁ። ልክን የሚደብቅ ፈተና ታታሪውንም ሰነፉንም እኩል ያደነዝዛል። ዕዳህ ስንት እንደሆነ ሳይነገርህ ክፈል ስትባል፣ ወይ ያለህን ሁሉ አውጥተህ ትሰጣለህ ወይ ምንም አትሰጥም።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ብዙ ነገር አገላበጠ። ማትሪክ ቀረ፤ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የ10ኛ ክፍል ፈተና፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የ12ኛ ክፍል የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ተተኩ። 10ኛ ክፍል ላይ የፊደል ውጤት ቀጠለ፤ 12ኛው ግን እያንዳንዱ ትምህርት ከ100 እየታሰበ፣ ሰባቱ ተደምረው ከ700 ሆነ። የመግቢያው ነጥብ በየዓመቱ ይለዋወጥ ነበር፤ ለሴቶችና ለታዳጊ ክልል ልጆችም ዝቅ ይል ነበር። እንደገና ልኩ የሚነገረው ከፈተናው በኋላ ነበር። በዚያው ሰሞን ዩኒቨርሲቲው ከጥቂት ተነሥቶ በየከተማው ይበቅል ጀመር፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ያን ያህል ተማሪ፣ ያን ያህል አዲስ መምህር ባለበት እያንዳንዱ በገዛ እጁ ስኬል ይቁረጥ ቢባል ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

በ2000ዎቹ አጋማሽ ቋሚ ሚዛን መጣ፤ ተማሪዎቹ ፊክስድ ይሉታል። ከ90 በላይ ኤ ፕላስ፣ ከ80 ጀምሮ ኤ ማይነስ፣ ከ75 ቢ ፕላስ፣ ከ60 ሲ ፕላስ፣ ከ50 ሲ፣ ከ45 ሲ ማይነስ፣ ከ40 ዲ። ፊደሉም ተሸነሸነ፤ ኤ ማይነስ 3.75፣ ቢ ፕላስ 3.5፣ ሲ ፕላስ 2.5። ከሱ ጋር ተከታታይ ምዘና የሚባለው ተያይዞ መጣ፦ ግማሹ ነጥብ በኩዊዝ፣ በአሳይመንትና በሚድ፣ ግማሹ በፋይናል። 1 ለ 5 ተደራጁ የተባለውም ያኔ ነው፤ ስለሱ ብዙ አልልም፣ አንዱ ሠርቶ ሌሎቹ ስም የሚያስጽፉበት አሳይመንት ስንቱን እንዳሳለፈ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ለመስኮቱ ጥያቄ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቁርጥ ያለ መልስ ተገኘ። አንዲት ልጅ መጣች እንበል። ሚድ ከ30 17፣ ኩዊዝ ከ10 6፣ አሳይመንት ከ10 9፤ አሳይመንት ምንጊዜም 9 ነው፣ አትጠይቁኝ። ድምር ከ50 32። ሲ 50 ላይ ነው፤ 18 ይቀራታል፣ ከ50 18 ማለት ከፋይናሉ 36 በመቶ። ሲ ፕላስ ከፈለገች 28፣ ማለትም 56 በመቶ። ቢ ፕላስ ካለች 43፤ ከባድ ነው፣ የማይቻል ግን አይደለም። ኤ ማይነስ 48 ይጠይቃል፤ «እሱን ተዪው እናቴ» እላታለሁ። ጓደኛዋ ስንት እንዳመጣች አትጠይቀኝም፤ ጉዳይዋ አይደለም። አብረው ተቀምጠው ሲያጠኑም አየሁ። ያን ሰሞን ጋሼ ካረፉ ቆይቷል፤ በሕይወት ቢኖሩ እርሳሱን አያስቀምጡም ነበር።

ቋሚው ሚዛን የራሱ ጉድ አለው፣ እሱን መደበቅ አይገባም። 49.5 ያመጣ ልጅ በር ሥር ያድራል። መምህሩ ፈተናውን ቢያከብደው ክፍሉ በሙሉ ይወድቃል፤ ቢያቀለው በሙሉ ያልፋል። ብዙ ግቢ ውስጥ በወረቀት ፊክስድ የተባለው በጓዳ ስኬል ሆኖ ይሠራል፤ መምህሩ ሁሉም ሲወድቅበት 10 ነጥብ ለሁሉም ይጨምራል። የተጨመረው 10 ለማን እንደጠቀመ ደግሞ ማንም አይቆጥርም።

ብሔራዊው ፈተና የቁርጡን መንገድ የያዘው በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ነው። ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ተሰጠ፤ በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ ፈተናው በሙሉ ከተሰረዘ ወዲህ ስርቆትና ኩረጃ ያሳሰበው ብዙ ነበር። ማለፊያውም 50 በመቶ ተባለ፣ እንደ ድሮ በየዓመቱ የሚወርድ የሚወጣ መቁረጫ የለም። ወደ 900 ሺሕ ከሚጠጉ ተፈታኞች ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመትም 3.2 በመቶ። በ2015 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን መውጫ ፈተና ሲጀመርም ልኩ ያው 50 ሆነ፤ በመጀመሪያው ዙር ያለፈው 40 በመቶ ገደማ ነው።

አባቴ ይህን ቢሰሙ የሚሉት ይታወቀኛል፦ «ግማሹን ነው የጠየቋቸው፣ እሱንም አላወቁትም።» እኔ ግን ከዚያ ቀጥሎ የመጣውን ነው ያየሁት። ካላለፉት የተወሰኑት በማካካሻ ትምህርት፣ ሬሜዲያል በሚባለው ገቡ። ልኩ እዚያም አስቀድሞ ተነገራቸው፦ 30ው ከዩኒቨርሲቲው ምዘና፣ 70ው ከማዕከል ከሚመጣው ፈተና፣ ማለፊያው 50። የእህቴ ልጅ ልጅ ይህን ይዞ እቤቴ መጣ። ከ30 22 አለው። «ስንት ይቀረኛል አያቴ?» አለኝ። ከ70 28፣ ማለትም 40 በመቶ። ስልኩ ላይ ቀድሞ ሠርቶት ኖሯል፤ ቴሌግራም ላይ ቁጥሩን ሲያስገቡለት መልሱን የሚያወጣ ቦት አለ። የኔን ሊያስተያይ ነው የመጣው። ገጠመልን።

ወረቀት አወጣሁና ቦቱ የማይነግረውን ጻፍኩለት። 40 በመቶ የሁሉም ትምህርት አማካይ ነው፤ እንግሊዝኛ ላይ 55 የሚያመጣ ከሆነ ፊዚክስ ላይ 25 ይበቃዋል። ስለዚህ ለፊዚክስ ሌሊቱን ከሚያነጋ፣ እንግሊዝኛውን 55 ማድረስ ይቀለዋል። ከቁጥሩ ላይ ጥቂት ይጨምርበት አልኩት፤ ቀን የከፋ እንደሆነ የምትሸፍን 5 ነጥብ። ልጁ አለፈ።

ጥበቡ እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ እስካሁን የሚያስቸግረው አንድ ነገር ነው። ዕዳው ታውቋል፣ የተከፈለው ግን አይታወቅም። በሥራ ዘመኔ መጨረሻ ላይ መስኮቱ ጋ ከሚመጡት ተማሪዎች ብዙዎቹ ሚዱ ስንት እንደሆነላቸው ሳያውቁ ነው ፋይናል የሚገቡት፤ ወረቀቱ መምህሩ ቤት ታስሮ ተቀምጧል፣ ወይም ከፋይናሉ ጋር አብሮ ይለጠፋል። ከ50 ስንት እንዳለው የማያውቅ ልጅ ማለፊያው 50 መሆኑን ቢያውቅ ምን ይጠቅመዋል? ደግሞ ወደ ስኬል ዘመን መለስነው ማለት ነው።

መምህራን ሆይ፣ ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው። በሴሚስተሩ የመጀመሪያ ቀን እያንዳንዱ ምዘና ከመቶ ስንት እንደሚይዝ ጽፋችሁ ስጧቸው፤ የሚዱንም ወረቀት አርማችሁ፣ ፋይናሉ 2 ሳምንት ሲቀረው መልሱላቸው። የቀረውን ሒሳብ ራሳቸው ይሠሩታል።